የጎረቤቴ ጎርፍ

በክረምት ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ድልድይ ላይ ሲደርስ በመኪናው መስኮት ወንዙን አሻግሮ ማየቱ አይቀርም። ውኃው ቀይ ነው። አንዳንዱ ሻይ ይመስላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወተት የበዛበት ቡና። “ወንዙ ሞልቷል” እንላለን። ስለ ብዛቱ እንጂ ስለ ቀለሙ ማንም ሲናገር አልሰማሁም። ያ ቀለም ግን የአንድ ሰው ማሳ ነው። ባለፈው ሳምንት በቆሎ ቆሞበት የነበረ፣ አባት ለልጁ ያወረሰው፣ እናት በቅርጫት ፍግ ስትሸከምለት የኖረችው አፈር ነው ተበጥብጦ የሚሄደው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የሁለት ወንድሞች ጠብ ነው።

በወላይታ በምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ ሁለት አባወራዎች አሉ። ሁለቱም ጌታን ያገኙት በወጣትነታቸው ነው፤ የተጠመቁትም በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንዝ ነው። ማሳቸው በአንድ ተዳፋት ላይ ይገኛል፤ የአንዱ ከላይ፣ የሌላው ከታች። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግምና “የላይኛው” እና “የታችኛው” እያልን እንቀጥል። በዚህ ስም ሊጠሩ መሆኑን ስነግራቸው ሁለቱም ስቀው ተስማምተዋል። ዛሬ ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

የላይኛው ሰው ከኮረብታው የሚወርደው ውኃ ድንቹንና ቦሎቄውን እየወሰደ ቢያስቸግረው በማሳው ራስ ላይ ቦይ ቆፈረ። ቦዩ ውኃውን ቀለበሰለት። ውኃ ግን ተቀልብሶ አይጠፋም፤ መንገድ ይለውጣል እንጂ። በሐምሌ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ በቦዩ ተሰብስቦ በታችኛው ሰው በቆሎ መካከል ወረደ። ሲነጋ ሰውየው ማሳው ላይ ያገኘው ጥጃ ገብቶ የሚቆምበት ቦረቦር ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ዝም አለ። በሁለተኛው ዓመት ሄዶ ተናገረ፤ “ውኃው የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ አላዘነብኩትም” የሚል መልስ አገኘ። በሦስተኛው ዓመት ድንጋይና ግንድ አምጥቶ የቦዩን አፍ ደፈነው፤ ውኃውም ተመልሶ በላይኛው ሰው እንሰት ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ጉባኤ እየዘመሩ ሰላምታ አይለዋወጡም። የጌታ እራት ሲቀርብ አንደኛው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይወጣል።

ሽማግሌዎች ጠሯቸው። ቃሉ ተነበበ፣ ተጸለየ፣ ተለቀሰ። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር መታረቅ እንደሚገባ ጌታ ያስተማረው ትምህርት (ማቴ. 5፥23-24) ተነሣ። ሁለቱ ተቃቀፉ። እርቁ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ጸንቶ ቆየ። በሰኔ ዘነበ።

በዚያ እርቅ የማሾፍ ሐሳብ የለኝም። ይቅርታው እውነተኛ ነበር። ጎርፉም እውነተኛ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ ሁለቱ ሰዎች ልብ ተመለከቱ፤ ወደ ተዳፋቱ ግን ማንም አልተመለከተም።

420 ኩንታል

እስቲ ወደ ተዳፋቱ እንመልከት። አገራችን ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀምራ ነበር። በተለያዩ ክፍለ ሀገሮች ጣቢያዎች ተቋቋሙ፤ በጎጃም አንጄኒ፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወሎ ማይባር፣ በዚሁ በወላይታ ደግሞ ጉኑኖ። ሥራው ቀላል ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ከማሳ ላይ የሚወርደውን ጎርፍ በታንከር ያጠራቅማሉ፣ ውስጡ ያለውን አፈር ይለካሉ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ከዓመት ዓመት።

ከዚህ ምርምር ተነሥቶ ሃንስ ሁርኒ የተባለው ተመራማሪ የደረሰበት ግምት በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። በደጋማው የአገራችን ክፍል ከሚታረስ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል። አማካይ ነውና ከዚህ በታችም ከዚህ በላይም የሚሄድበት ማሳ አለ። ቶን የሚለው ቃል ለገበሬ ሩቅ ስለሆነ ወደ ኩንታል እንመልሰው፤ 420 ኩንታል ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ስንዴ ያስገባ ሰው “ዘንድሮ ተባርኬአለሁ” ብሎ በአምልኮ ላይ ምስጋና ያቀርባል። ምስጋናውም ተገቢ ነው። በዚያው ዓመት ግን 20 ኩንታል ወደ ጎተራው ሲገባ 420 ኩንታል ከደጁ ወጥቷል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ቢቆምለት ስምንት ጊዜ ሞልቶ ይመላለሳል፤ ገና ይተርፈዋል።

ታዲያ ለምን አይታይም? በሄክታር ላይ ሲበተን ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ነው። አርሶ አደሩ በየዓመቱ ሲያርስ ከሥሩ ያለውን አፈር ያወጣዋልና ማሳው ያው የድሮው ይመስላል። ቀለሙ እየነጣ ወይም እየቀላ፣ ድንጋዩ እየበዛ፣ ማዳበሪያው እየጠየቀ ሲሄድ “መሬቱ አረጀ” ይባላል። በዚህ ፍጥነት ከሄደ 30 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። አያት በልጅነቱ የረገጠውን መሬት የልጅ ልጁ አያየውም ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በአንዲት የዝናብ ጠብታ ነው። ባዶ መሬት ላይ በኃይል የወደቀች ጠብታ አፈሩን ትበትነዋለች፤ የደቀቀው አፈር የምድሪቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ፊቷ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ መስረጊያ ስለማያገኝ መሮጥ ይጀምራል። የተዳፋቱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱም ጉልበቱም ይጨምራል፤ ጣት የሚያህል መስመር ያወጣል፣ መስመሮቹ ይገናኛሉ፣ በመጨረሻም ቦረቦር ይሆናሉ። ስለዚህ ለቦረቦሩ መድኃኒቱ ቦረቦሩ ጋ ብቻ አይገኝም። ከላይ፣ ጠብታዋ በወደቀችበት ቦታ ነው የሚፈለገው። በዚያ ቦታ ሣር ወይም ገለባ ወይም ቅጠል ቢኖር ኖሮ ጠብታዋ ባልጎዳች ነበር።

ከከተማ ሆነን “ገበሬው ስላላወቀ ነው” ማለት ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጤፍ ደቃቅ ዘር ስለሆነ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ እስኪልም ድረስ መዘጋጀት አለበት፤ የሚዘራውም ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ ማሳው ራቁቱን ነው። ገለባው መሬቱን አልብሶ ቢቆይ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በሬው ምን ይብላ? ፍጉ ወደ ማሳው ቢመለስ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እናት እንጨት በሌለበት አገር ኩበት ካላነደደች ወጡ በምን ይበስላል? አባት ግማሽ ሄክታር ለሦስት ወንዶች ልጆች ካካፈለ በኋላ መሬቱን ማሳረፍ ከየት ይመጣል? ገበሬው የሚያደርገውን ያውቃል። ምርጫው ነው የጠበበበት።

የጓሮው አፈርና የሜዳው አፈር

ወላይታ ውስጥ አንድ ቤት በእንግድነት የገባ ሰው ከቤቱ ወደ ሜዳው ሃምሳ እርምጃ ቢራመድ የአፈር ትምህርት ይማራል። ለቤቱ ቅርብ የሆነው፣ እንሰቱና ቡናው ጎመኑም የበቀለበት መሬት ዳርኮዋ ይባላል። ጥቁር ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት ይፈረፈራል፤ በበጋም ትንሽ እርጥበት አያጣም። ራቅ ያለው የሜዳ ማሳ ደግሞ ሾቃ ነው፤ ቀይ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር፣ ሲርስ የሚያንሸራትት።

አስደናቂው ነገር ሁለቱ ሲፈጠሩ አንድ ዓይነት አፈር መሆናቸው ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው፤ በተለይም የሴት እጅ። በየማለዳው ከከብቶቹ ማደሪያ የሚጠረገው ፍግ፣ የምድጃው አመድ፣ የእንሰቱ ቅጠል፣ የጓዳው ጥራጊ ሁሉ በቅርጫት ወደ ጓሮ ይወጣል። ይህ ለትውልዶች ተደረገ። የሰፋው የእንሰት ቅጠል ከላይ የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ ከሥር ያለው የበሰበሰ ነገር ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ጎርፍ ከዳርኮዋ ብዙ የሚወስደው ነገር የለውም።

እንግዲህ ከየት ልማር የሚል ሰው ከእናቱ ጓሮ መጀመር ይችላል። ችግሩ ከብቶቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ፍጉም መቀነሱ፣ ጥቁሩም መሬት በየዓመቱ ወደ ቤቱ እየተሰበሰበ መሄዱ ነው። ኮምፖስት የሚባለው ነገር የመጣው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው፤ አረሙን፣ ቅጠሉን፣ ጥቂቱን ፍግና አመዱን በንብርብር አከማችቶ፣ እርጥበቱን ጠብቆ፣ እያገላበጡ ማብሰል። ድካም አለው። “ለሁለት ጥማድ የሚበቃ ኮምፖስት ልሥራ ብል የቤቴን ሥራ ማን ይሠራል?” ብላ የጠየቀችኝን እህት አልረሳትም። ሥራው በሴቶች ጫንቃ ላይ ብቻ እስከ ተጣለ ድረስ ከጓሮ አያልፍም።

መጽሐፉ ስለ ማሳ ድንበር

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ስለ አፈር የሚሰብክ ሰው ብዙ አይገኝም። “ምድር ታልፋለች፤ እኛ የሰማይ ዜጎች ነን” የሚለው ቶሎ ይመጣል። እውነት ነው፣ ታልፋለች። ሰውነታችንም ያልፋል፤ ሲታመም ግን እንጸልያለን፣ ሐኪም ቤትም እንሄዳለን።

በኦሪት ዘፍጥረት ሰው ከምድር አፈር ተበጀ። በዕብራይስጡ ሰው አዳም ነው፣ የሚታረሰው መሬት ደግሞ አዳማ። (ናዝሬት ስንላት የኖርነውን ከተማችንን ማለቴ አይደለም።) ይህ ሰው በገነት ሲቀመጥ ሁለት ሥራ ተሰጠው፤ ሊያበጃትና ሊጠብቃት (ዘፍ. 2፥15)። እነዚህ ሁለት የዕብራይስጥ ግሶች በኋላ ጎን ለጎን የሚገኙት ሌዋውያን በመገናኛው ድንኳን ለሚፈጽሙት አገልግሎት ነው (ዘኍ. 3፥7-8)። ሞፈር የጨበጠ ሰው ከመድረክ አገልጋይ ያነሰ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ያንብብ።

ስለ ምድር ዕረፍት የተሰጠውንም ሕግ እናውቃለን። በሰባተኛው ዓመት መሬቱ እንዲያርፍ ታዘዘ (ዘሌ. 25፥1-5)፤ ሕዝቡ ባለመታዘዙ ምድሪቱ የተነፈገችውን ሰንበት የወሰደችው እነርሱ ተማርከው ከሄዱ በኋላ ነበር (2ኛ ዜና 36፥21)። ስለዚህ ክፍል በቃል የሰማሁት ስብከት ሁሉ ስለ ምርኮ ነበር፤ ስለ መሬቱ የተናገረ አልገጠመኝም።

ስለ ሁለቱ ወንድሞቻችን ጉዳይ ግን እኔን የያዘኝ ሌላ ክፍል ነው። በኦሪት ዘጸአት 22፥5-6 ሁለት ነገሮች ተነሥተዋል። ከብቱን ለቅቆ የሌላውን ማሳ ያስበላ ሰው ከራሱ ማሳ ምርጡን ይከፍላል። እሳት ለኩሶ እሳቱ ወደ ሰው እህል የተዛመተበትም ይከፍላል። ሁለተኛውን ልብ በሉ። ያ ሰው የጎረቤቱን እህል ሊያቃጥል አልፈለገም፤ የራሱን እሾህ ሊያጸዳ ይሆናል የለኮሰው። ሕጉ ግን “አላሰብኩም” የሚለውን መልስ አልተቀበለም። ከእኔ ድንበር ተነሥቶ የወንድሜን ማሳ ያጠፋው ነገር የእኔ ጉዳይ ነው። እሳት ከሆነ ጎርፍስ?

በኮንሶ ይህን በድንጋይ የጻፉት ሰዎች አሉ። የኮንሶ እርከኖች ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልዶች ሲሠሩና ሲጠገኑ የኖሩ ናቸው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ካቦቹ አንዳንድ ቦታ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳሉ። ዝናብ በሚያጥርበት በዚያ አገር አፈሩንም ውኃውንም የያዙት እነርሱ ናቸው፤ ማሽላው በዚያ ይበቅላል፣ ሽፈራው በዚያ ይቆማል። አንድ ነገር ግን ከሩቅ አይታይም። የላይኛው ካብ ከተናደ ውኃው ተጠራቅሞ የሚወድቀው በታችኛው ላይ ነው። ስለዚህ በኮንሶ የራስን ካብ ቸል ማለት የግል ስንፍና አይደለም፤ የሰው ማሳ ማፍረስ ነው።

ከምድር በታች ያለው ደን

አንዳንዱ ደግሞ “ዘግይቷል፤ የእኛ መሬት አልቆለታል” ይላል። ለዚህ ሰው አንድ ታሪክ ልንገረው።

ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ከቤተሰቡ ጋር በሚሲዮናዊነት ወደ ኒጀር፣ ማራዲ ወደሚባል አካባቢ ሄደ። የላከው በ1928 ወደ ወላይታ የመጡት ሚሲዮናውያን ድርጅት፣ በአገራችን ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በሚለው ስሙ የሚታወቀው ነው። ሥራው በረሃማ በሆነው መሬት ላይ ዛፍ መትከል ነበር። ችግኞቹ ይተከላሉ፣ ይደርቃሉ፤ እንደገና ይተከላሉ፣ ፍየል ይበላቸዋል። ሕዝቡም “ይህ ነጭ አብዷል” ማለት ጀመረ። በ1983 አንድ ቀን ችግኝ ጭኖ ሲሄድ በአሸዋው ላይ ለመንዳት የጎማውን አየር ሊቀንስ ቆመ። ዙሪያውን ቢያይ ባዶ ሜዳ ነው። ተስፋ በመቁረጥ ጸለየ። ከዚያም በአጠገቡ ያለች አንዲት ቁጥቋጦ ዓይኑን ሳበችው፤ ሄዶ ቅጠሏን ሲመለከት ቁጥቋጦ አልነበረችም። የተቆረጠ ዛፍ ናት፤ ከጉቶዋ እያቆጠቆጠች በየዓመቱ የምትቆረጥ። በዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ጉቶ ሞልቷል፤ ሥሩ ሕያው ነው። ደኑ ከምድር በታች ተኝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ መትከሉን ትቶ ገበሬዎችን የጠየቃቸው ቀላል ነገር ነው፤ ከጉቶው ከሚወጡት ቅርንጫፎች ጠንካሮቹን አስቀርታችሁ ሌሎቹን ቁረጡ፣ ከብትና እሳትም ጠብቁ። በጥቂት ገበሬዎች የተጀመረው ነገር ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዛምቶ በኒጀር ወደ አምስት ሚሊዮን ሄክታር እንደ ደረሰ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ሪናውዶ በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተሸልሟል፤ በዚያው ዓመት አብሮት ከተሸለሙት አንዱ የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ ነው። እርሱም በደረቀው መሬት ትናንሽ ጉድጓዶች እየቆፈረ፣ ፍግ እየጨመረ አፈሩን ያስነሣ ሰው ነበር።

ይህ ልምድ በወርልድ ቪዥን በኩል ወደ ወላይታ፣ ወደ ሁምቦ መጣ። የሁምቦ ተራራ ለእንጨትና ለከሰል ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር፤ ጎርፉና ናዳውም በግርጌው ባሉት ማሳዎች ላይ ይወርድ ነበር። ሕዝቡ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር መሬት ከለለ። አብዛኛው ደን የተመለሰው ከነባሩ ጉቶ ነው። ሥራው በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ከደኑ 165,000 ቶን ካርቦን ሊገዛ ተዋዋለ። ገንዘቡ መልካም ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የተራራው ባለቤት እነማን እንደሆኑ በወረቀት መጻፉ ነው። የማንም ያልሆነውን መሬት ማንም አይጠብቀውም።

ሦስተኛው ተከሳሽ

ወደ ሁለቱ ወንድሞች እንመለስ።

ሁለተኛው እርቅ በአዳራሽ ውስጥ አልተደረገም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐሳብ አቀረበና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርተው ሁሉም ማሳው ላይ ተገናኙ። እኔም በዚያ ቀን በእንግድነት ነበርሁ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ የሌላ ቤተ እምነት ተከታይ ናት። በጸሎት ሲጀመር ዝም ብላ ቆመች፤ ከጸሎቱ በኋላ ማን አጠፋ ብላ አልጠየቀችም። “ውኃው ከየት ይጀምራል?” አለች።

የታችኛው ሰው ወደ ላይኛው ማሳ አመለከተ። የላይኛው ደግሞ ወደ ኮረብታው ጫፍ። ተያይዘን ወጣን። ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው የአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዲሱ አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ምእመናኑ ከእህላቸው እየሸጡ የሠሩት፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ የለበሰ። ግቢው ለጉባኤ እንዲመች ሣሩ ተነሥቶ፣ ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቋል። ባለሙያዋ ጣሪያውን በእርምጃ ለካች፤ 20 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ። ከዚያም ደብተሯን አውጥታ አስረዳች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 50 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ሌሊት ከዚህ ጣሪያ ብቻ 10,000 ሊትር ይወርዳል፤ 50 በርሜል ማለት ነው። የግቢው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። “አሸንዳ አላችሁ?” አልነበረም። “ውኃው በየት ይወጣል?” በበሩ በኩል፣ በቀጥታ ወደ ላይኛው ሰው ማሳ።

ብዙ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ፣ “እኛ ዳኞች ነን ብለን ተቀመጥን፤ ለካ ሦስተኛው ተከሳሽ እኛ ነን” አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብናገር አንባቢ አይቀየመኝ። በደቡብ ጎንደር የተጓዘ ሰው በተራቆተው አገር መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ ያያል፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በትምህርት ብዙ የምንለያይባቸው ነገሮች አሉ። በዚህ ግን ወገኖቻችን ቀድመውናል። እኛ የጸሎት ቤት ስንሠራ መጀመሪያ የምናደርገው ዛፉን መቁረጥ፣ ሁለተኛው ግቢውን ሲሚንቶ ማልበስ ነው።

የተሠራው ሥራ እነሆ። ለአዳራሹ አሸንዳ ተገጠመ፤ ውኃው ወደ ሮቶ ይገባል፣ ትርፉም በግቢው ዳር በተቆፈሩ ማስረጊያ ጉድጓዶች ይቀራል። ግቢው እንደገና ሣር ተተከለበት። የላይኛው ሰው ቦይ አልተደፈነም፤ ነገር ግን ኤ ፍሬም በሚባለው የእንጨት መለኪያና በውኃ ልክ እየተለካ አቅጣጫው ተስተካከለ፤ ውኃው ሳይሮጥ በዝግታ እንዲሄድና በሁለቱ ማሳዎች ወሰን ላይ በሣር በተሸፈነ መውረጃ እንዲያልፍ ተደረገ። ለመውረጃው ሁለቱም ሁለት ሁለት እርምጃ መሬት ለቀቁ። በማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ወጣ፤ ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይ ስለሚጣል ነው እንዲህ የተባለው። በእርከኖቹ ላይ ደሾ ሣር ተተከለ። በቦረቦሩ ውስጥ ድንጋይና አፈር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት እየተደረደረ ክትር ተሠራ።

ይህ ሁሉ በፈገግታ ያለቀ አይምሰላችሁ። እርከን መሬት ይበላል። የላይኛው ሰው ባለቤት ቆማ፣ “ለልጆቼ የማበላውን መሬት ለሣር ልስጥ?” ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ ጥቅስ አይመልስለትም፤ ማንም ለመመለስ አልሞከረም፤ እኔም ደስ አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታቸው ቀነሰ። አይጥ በእርከኑ ውስጥ ቤት ሠራ። አንዱ ክትር ሥራው ካለቀ በሁለተኛው ሳምንት ተጠርጎ ሄደ፤ ባለሙያዋ መጥታ ሁለቱን ዳርቻዎች በደንብ ወደ ግድግዳው ስላላስገቡት መሆኑን አሳየቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጣቶቹ መዘምራን መጥተው እንደገና ሠሩት። ልቅ ግጦሽን የማስቆሙ ጉዳይ ደግሞ እስካሁን ያላለቀ ክርክር ነው። ደሾውን የጎረቤት ከብት ከበላው እርከኑም አይቆምምና በየበጋው ይነሣል።

የሴትየዋን ጥያቄ የመለሰላት ሣሩ ራሱ ነው። ደሾ በፍጥነት ያድጋል፤ እየታጨደ ለላሟ ሲሰጣት ወተቷ ጨመረ፤ ላሟም ታስራ ስለምትመገብ ፍጓ አይባክንም። ፍጉ ወደ ሾቃው መድረስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁለት ክረምት በኋላ ሄጄ ነበር። የታችኛው ሰው ቦረቦሩን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከክትሮቹ ጀርባ ደለል ሞልቶ ጠፍጣፋ መሬት ሆኗል፤ በላዩ ላይ ቅጠሉ የሰፋ ጎዳሬ ቆሟል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር አነሣና በመዳፉ ላይ ፈረፈረው፤ ጥቁር ነው። “ይህ የእኔ አይደለም” አለኝ ወደ ላይ እያመለከተ። “የእርሱ ነው። ያን ጊዜ የወረደው። ልመልስልህ ብለው፣ በጀርባህ ተሸክመህ ልታመጣው ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ።”

ጎዳሬው የደረሰ ዕለት ግማሹ በቅርጫት ሆኖ ወደ ላይኛው ቤት ወጣ። የተሸከመችው የታችኛው ሰው ልጅ ናት፤ ስትመለስ በቅርጫቷ ውስጥ አንድ እሥር ደሾ፣ ለተከላ የሚሆን፣ ሥሩ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነበር።